«ተደምጧል» ብዬ የፈረምኩባቸው መጻሕፍት

የጡረታ ደብዳቤዬ የደረሰኝ በስልኬ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፤ ማኅተሙ ግማሹ ተቆርጧል፣ ጠርዙ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት ይታያል። ለተዋበች አስተላለፍኩላት። ተዋበች ዓይኗ የማያይ፣ ስልኳ ጽሑፉን በድምፅ እያነበበላት የምትሠራ ወዳጄ ናት። ደቂቃ ሳይሞላ ደወለችልኝ።

«እትዬ ዘይነብ፣ ስልኬ ‹ምስል› ብሎ ዝም አለ። ምን ልከውልኝ ነው?»

«የጡረታ ደብዳቤዬን።»

«እና ይህን እንዲሁ ተቀበሉ? እርስዎ?»

አፈርኩ። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ደብዳቤው በጽሑፍ ካልተላከልኝ መረከቤን አልፈርምም አልኩ። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሳቀች። «ውይ እትዬ፣ የእርስዎ ዓይን ያያል እኮ!» አለችኝ። «የእኔ ያያል። ደብዳቤዬን ላነብላት የምፈልጋት ሰው ግን አታይም» አልኳትና ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ በጽሑፍ ላኩልኝ። እኔም ፈረምኩ።

አንዳንዶች ይህን ግትርነት ይሉታል። ይበሉት። እኔ የሥራ ዘመኔን የፈጸምኩት በዚህ ግትርነት ነው፤ ከየት እንዳመጣሁትም ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ወረኢሉ ነው፤ በታይፕ ጸሐፊነት። ከተቀጠርኩ ብዙም ሳይቆይ የጽሕፈት መኪናው ተበላሸ፤ ያለ ሥራ ከምትቀመጥ ብለው ወደ ከተማው ንባብ ቤት ላኩኝ። ቅጣት መስሎኝ አልቅሻለሁ። ሁለት ክፍል፣ አራት መደርደሪያ፣ አንዲት የካርድ ሣጥን፣ እና እትዬ አስካለ።

እትዬ አስካለ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ካርድ ከመጻፋቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፊትም ከኋላም ገልጠው፣ ማውጫውን አንብበው፣ መሐሉን ሁለት ሦስት ቦታ ቀምሰው ነው አንድ መስመር የሚጽፉት። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ካርዱን ሣጥን ውስጥ አይከቱትም። ወደ በሩ ይዘውት ይወጣሉ። በር ላይ ዘበኛው አባ ሰይድ አሉ። አባ ሰይድ ፊደል አልቆጠሩም።

«አባ ሰይድ፣ ይስሙኝማ» ይሉና ካርዱን ያነቡላቸዋል። «እንግዲህ ይህ ምን መጽሐፍ ነው?»

አባ ሰይድ ጢማቸውን እየደባበሱ፣ «የላም በሽታ የሚያስረዳ ነው። ለሐኪም ሳይሆን ለእንደኔ ያለው ገበሬ የተጻፈ» ካሉ ካርዱ አለፈ። «አልገባኝም» ካሉ ተቀደደ። እኔ የመጀመሪያ ካርዴ ላይ «ግብርና ነክ ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ብዬ ጽፌ ነበር። አባ ሰይድ ሰምተው፣ «ልጄ፣ አፉ በይኝና፣ ይህማ ዝም ከማለት በምን ተሻለ?» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ካርዴን ከእጄ ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት። አልተቆጡኝም። «ካርድ የሚጻፈው መጽሐፉን ለማያየው ሰው ነው፤ ያየውማ መጽሐፉ በእጁ አለ» አሉኝ። ሌላ የሙያ ትምህርት አልሰጡኝም ማለት እችላለሁ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ መታጠብ፣ መቅረጽ፣ መቅመስ፣ ለአባ ሰይድ ማንበብ።

ከዚያ አጅባር ተዛወርኩ። እዚያ ንባብ ቤቱ ከእህል መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር መጻሕፍቱን ስንገልጥ ብናኝ ያስነጥሰን ነበር። ከአጅባር የማልረሳው ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡትን የገበያ ሰዎች ነው፤ በግ ሸጠው ሲመለሱ ገብተው ከባሕር ማዶ የመጣላቸውን ደብዳቤ አንብቢልን ይሉኛል። ከሳዑዲም ከቤሩትም የመጣ ነው። ብዙ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ጮክ ብሎ የሚነበብ ነገር እንዴት መጻፍ እንዳለበት የተማርኩት ደብዳቤዎቹን ከጻፉት ልጆቻቸው ነው፤ እናታቸው በሌላ ሰው አፍ እንደምትሰማው ያውቁ ነበርና ዓረፍተ ነገራቸው አጭር፣ ስሙም ቦታውም ግልጥ ነበር።

በመጨረሻ መካነ ሰላም። የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። የትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁበት። ደመወዙ ከወረኢሉ ይሻል ነበር፣ ቅጹም በዚያው ልክ በዛ። ስለ ሁለቱም ሌላ የምለው የለም።

ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ነገር የመጣው አቶ መላኩ የሚባሉ ዳይሬክተር ከተሾሙ በኋላ ነው። አቶ መላኩ ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ ይወዳሉ፣ በጊዜ ይገባሉ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ለማምጣት ደጅ ያልጠኑበት ቢሮ የለም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ስክሪን ላይ ያማረ ነገር ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል። ካርዱን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገቢ አሉኝ፤ አስገባሁ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ገጽ፣ የሽፋኑ ፎቶ። በስካነር የተቃኙ መጻሕፍትም አብረው ተጫኑ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ስክሪኑን አየሁና ኮራሁ። ሸጋ ነበር።

ተዋበች የመጣችው ያኔ ነው።

ከተንታ ገጠር ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለቤት ሥራ ዓረብ አገር ሄዳ፣ እዚያ በያዛት ሕመም ዓይኗን አጣች። እዚያው ባለ አንድ ማሠልጠኛ ኮምፒዩተርና ስልክ በድምፅ መጠቀም ተምራ ነው የተመለሰችው። ቀን ቀን ከእኅቷ ጋር ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ትማራለች። ስልኳ መጀመሪያ የሚያናግራት በዓረብኛ ነበር፤ አማርኛ ድምፅ ኋላ ነው የጨመረችው።

በነጭ በትሯ እየመታች ገብታ ሰላምታ ሰጠችና፣ «ምን ምን መጽሐፍ አላችሁ?» አለችኝ።

«ሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አለ። ፈልጊ» አልኳት፤ እንዴት ያለ ኩራት!

ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። ስክሪን አንባቢ የሚባለውን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ በፍላሹ ይዛው ትዞር ነበር። ሰካችው፤ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ ጠበቀች። ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ደስ የሚል አልነበረም።

«እትዬ፣ ይህ አማርኛ ነው?»

«አዎ እንጂ! ይኸው ከፊቴ ነው፤ ‹የአፈርና ውኃ ጥበቃ› ይላል።»

«እንኩ፣ ይስሙት።» ማዳመጫውን አውልቃ ሰጠችኝ።

ሰማሁት። አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም። «ዋይ፣ ቅንፍ፣ አስትሪክ፣ ኤፍ፣ ዶላር» ዓይነት ነገር ነው። ርዕሱ ይሄ፣ ደራሲው ይሄ፣ ሁሉም ይሄ። ሁለት ዓመት የጻፍኩት ይሄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አማርኛ የምንጽፍበት ያረጀ ፎንት ለዓይን ፊደል ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ሆሄና ምልክት ነው። ዓይን ላዩን ያያል፤ ስክሪን አንባቢው ግን የሚያነበው ሥሩን ነው። በዚያ ላይ ገጹ ራሱ ከውስጥ «ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ትክክለኛ የአማርኛ ፊደል በገባበት ቦታ እንኳ የእንግሊዝኛው ድምፅ ምን እንደሚለው ጠፍቶት ይዘለዋል። ገጹ ላይ የሚጫኑት ቁልፎችም ስም አልነበራቸውም፤ ተዋበች የምትሰማው «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሥር ደግሞ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ነበር። የትኛው እዚህ? የምንስ መጽሐፍ?

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አብሽር እትዬ» አለችኝ። «ሁሉም ቦታ እንደዚሁ ነው።»

ያ ማጽናኛ ጭራሽ አነደደኝ። ሁሉም ቦታ እንደዚሁ ከሆነ፣ የእኔ ቦታ እንደዚሁ እንዲሆን ምን ግድ አለበት?

በማግስቱ ለአቶ መላኩ ነገርኳቸው። ወደ ስክሪኑ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «አማርኛ ነው እኮ የማየው» አሉኝ። «አዎ፣ እርስዎ ያዩታል» አልኳቸው። እንደገና ልጻፈው ስላቸው፣ «ያለቀ ሥራ ለምን ይፈርሳል?» አሉ። ወጣሁና ከመጀመሪያው መዝገብ ጀመርኩ። ፈቃድ አልሰጡኝም፤ ግን አላስቆሙኝም።

ተዋበች ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ ታርመኛለች። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ተማሪ ሆንኩ። «ዶ/ር» ብዬ ስጽፍ ማሽኑ መሐል ላይ ያለውን ሰረዝ ስም ጠርቶ ያነበዋል፤ «ዶክተር» ብዬ ሙሉውን መጻፍ አለብኝ። «ዓ.ም.» እንደዚሁ። ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ከጻፍኩት ጭራሽ ይዘለዋል። ለሽፋኑ ሥዕል በድምፅ የሚነበበውን መግለጫ «ሽፋን» ብዬ ብጽፍ ተዋበች፣ «ሽፋን እንዳለውማ አውቃለሁ። ምን አለበት?» ትለኛለች። ጌጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ «ዝም ያሰኙት፤ ጊዜዬን አይብላ» ትለኛለች።

የፊደሉ ነገር ብቻውን አንድ ወር በላ። «ሀገር»ን አንዱ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው «አገር» ብሎ ይፈልጋል። በሁሉም እንዲገኝ ብዬ የአጻጻፉን ዓይነት ሁሉ ከርዕሱ ሥር ደረደርኩት። ቅዳሜ ተዋበች አዳመጠችና በሳቅ ፈረሰች። ማሽኑ አንዱን ርዕስ አራት ጊዜ ደጋግሞ ያነብላታል። ለጆሮ አንድ ነው እኮ! ለፍለጋው ትቼ ከሚነበበው ማውጣት ነበረብኝ፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ አሳየኝ።

ቅደም ተከተሉንም ለወጥነው። ዓይን ገጹን ባንዴ ይቃኛል፤ ጆሮ ግን ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ርዕስ ይቀድማል፣ ከዚያ ደራሲ፣ ከዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው፤ ፋይሉ በድምፅ ይነበባል ወይስ ምስል ብቻ ነው? የመደርደሪያ ቁጥሩና የመጠኑ ነገር መጨረሻ ይምጣ። አንድ ሰው የማይነበብ መጽሐፍ መሆኑን ለማወቅ አሥራ አምስት መስመር ማዳመጥ የለበትም።

እንግዲህ ስለ ፍሬው ልናገር። ብተወው ደስ ባለኝ፤ ግን ይህን ሳልናገር የቀረውን ብናገር ውሸት ይሆናል።

ፍሬው ከደጎሎ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ ነው። ወላጆቹ ገብስና ስንዴ አምራቾች ናቸው። ሲወለድ ጀምሮ አያይም። መምህር ለመሆን የርቀት ትምህርት ይከታተል ነበር፤ አንድ ፈተና ብቻ ቀርቶት ነበር። ቤተ መጻሕፍታችን መዝገቡን ለጆሮ እንዳስተካከለ ሰምቶ በሚኒባስ መጣ። ለፈተናው የሚያስፈልገውን የሥነ ልቦና መጽሐፍ ፈለገ፤ መዝገቡ «ጽሑፍ፤ በድምፅ ይነበባል» አለው። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋይሉን በስልኩ ካርድ ላይ ገለበጥኩለት፤ አገሩ ኔትወርክ የለም። መርቆኝ ሄደ።

መጽሐፉን ስመዘግብ የሰማሁት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ነበር። ተነበቡ። ቀኑ መሽቶ ነበር፣ ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር፣ የቀረውም እንደዚያው ነው ብዬ አለፍኩ። አልነበረም። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ያለው በሙሉ ፎቶ ነው። ሌላ ሰው፣ ሌላ ጊዜ፣ በሌላ ማሽን ያነሣውን አንድ ላይ ሰፍተውት ነበር።

ፍሬው ያን ያወቀው ቤቱ ሆኖ፣ ለፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስልኩ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» እያለ ገጽ ይገልጥ ጀመር። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር መመለስ አልቻለም። እኅቱ ልታነብለት ሞከረች፤ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው። ፈተናውን ወደቀ። ሊቀጠርበት የነበረው የመምህርነት ቦታ ለሌላ ተሰጠ።

ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ከተዋበች ነው። ሥራ አስፈቅጄ ደጎሎ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ፍሬው ግቢው ውስጥ ገመድ ይፈትል ነበር። ድምፄን ሲሰማ እጁን አቆመ።

«የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ናቸው?»

«እኔ ነኝ። አፉ በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

እናቱ በርጩማ አመጡልኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ አልገባቸውም ነበርና፣ «ኧረ ተይ፣ እንግዳ ሆነሽ!» ይሉኛል። ፍሬው ግን ገብቶታል። ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«መጽሐፉ የለም ቢሉኝ ኖሮ» አለ፣ «ሌላ መላ እፈልግ ነበር። የሚያነብልኝ ሰው እዚያው መካነ ሰላም እፈልግ ነበር። አለ አሉኝ። እኔም አምኜ መጣሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አፉ ብያለሁ። ለአላህም ለእግዜርም አልከስዎትም። ግን እንደገና ጀምር አይበሉኝ።»

ጀምር አላልኩትም። ኋላ ትክክለኛውን መጽሐፍ ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ፣ በስልክ ካርድ ላይ አድርጌ በሰው ላኩለት። ካርዱን ተቀብሏል። ትምህርቱን አልቀጠለም። እስከ ዛሬ ገመድ ይሸጣል፤ ጥሩ ገመድ ነው ይላሉ። እኔ ግን በየትኛውም መንገድ ይህን አሳምሬ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ በአንድ ቃል ሰነፍኩ፤ አንድ ሰው መምህር ሳይሆን ቀረ።

ከደጎሎ ስመለስ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ተደምጧል»። ከሥሩ ማን እንዳደመጠው፣ ከየትኛው ገጽ እስከ የትኛው ገጽ። አንድ መጽሐፍ መሐሉ ምስል ከሆነ የትኛው ገጽ ላይ ዝም እንደሚል ይጻፋል። ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ፣ «ምስል ብቻ፤ በድምፅ አይነበብም» ይላል። ስሜን ጻፍኩበት። ካጠፋሁ የሚጠየቀው ሰው ይታወቅ አልኩ።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ከተጫኑት መጻሕፍት የሚበዙት «አይነበብም» ሆኑ። እውነታው ነበር፤ ግን አቶ መላኩን አላስደሰተም። ከክልል እንግዶች መጥተው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱን ሊመርቁ ነው። ቢሮአቸው ጠሩኝ።

«ዘይነብ፣ ይህ ‹አይነበብም› የሚለው ነገር ይውጣ።»

«ሲነበቡ ይወጣል።»

«ቤታችንን እያሰደብሽ ነው! አይነበብም፣ አይነበብም፣ አይነበብም፤ ሰው ገጹን ሲከፍት መርዶ ነው የሚያየው። ለአካል ጉዳተኞች ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ነው ብዬ ሪፖርት ጽፌአለሁ።»

«ታዲያ ሪፖርቱን ያርሙት።»

ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። መዝገቡ በሙሉ ተረጋግጧል የሚል ነው፤ የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ፍሬውን አሰብኩ። በርጩማውን፣ ገመዱን አሰብኩ።

«አቶ መላኩ፣ እጄን ቢቆርጡት አልፈርምም» አልኳቸው።

አልቆረጡትም። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉብኝና አሮጌ ጋዜጣ ወዳለበት ክፍል አዛወሩኝ። መስመሩንም ባለሙያው እንዲያጠፋው ታዘዘ፤ አጠፋው። ምረቃው ተካሄደ። እኔ ጋዜጣ ስደረድር ጭብጨባው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር።

ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። እኔንም ለጥቂት ቀን ሰብሮኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከቤት አልወጣም ብዬ የተኛሁበት እሑድ አለ። ተዋበች መጣች። ሻይ አፈላሁላት፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«መስመሩን አጠፉት?» አለች።

«አጠፉት።»

«ደህና። እንግዲህ መዝገቡ ካልነገረን ሰው ይነግረናላ።»

ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሰኞ ጠዋት ገባኝ። ተዋበች ሌሎች አምስት ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ይዛ መጣች። በእኔ ክፍል አልፈው ቀጥ ብለው የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ተሰለፉ። ጸሐፊዋ ምን ልርዳችሁ አለች። «አቶ መላኩን ነው የምንፈልገው፤ መጽሐፍ ፈልገን ነው» አሉ።

አቶ መላኩ ወጡ። ከጋዜጣው ክፍል በር ሆኜ እሰማለሁ።

«ደኅና አደሩ አቶ መላኩ» አለች ተዋበች፣ ድምፅዋ እንደ ማር። «ይህ የሕግ መጽሐፍ በድምፅ ይነበባል ወይስ አይነበብም? መዝገቡ አይነግረንም፤ ሪፖርቱን የፈረሙት እርስዎ ነዎት ተባልን።»

«እ… ይነበባል።»

«ከየትኛው ገጽ እስከ የትኛው ገጽ?»

«ገጹን እንኳ… አላየሁትም።»

«ግድ የለም፣ ገልጠው ይዩልን። እንጠብቃለን።»

ሰውዬው ክፉ አይደሉም ብያለሁ። ዓይነ ስውር ከበራቸው ላይ ሊያባርሩ አልቻሉም። ተቀምጠው ፋይሉን ከፈቱ። ገጽ በገጽ። የመጀመሪያው ተማሪ ሲያልቅ ሁለተኛው አለ፤ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው። በማግስቱም መጡ። በሠልሱም። ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን»፣ «አላህ ይስጥዎ» እያሉ ነው። ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ መላኩ ጋዜጣው ክፍል መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹ። አሮጌው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያን የታሪክ መጽሐፍ» አሉ፣ «ሽፋኑን ሳየው ሙሉ መስሎኝ ነበር። ከሃያኛው ገጽ በኋላ ምንም የለውም።»

«ያውቃሉ እንግዲህ።»

«ስንት እንደዚህ አለ?»

«ጽፌው ነበር። አጠፉት።»

ተነሡ። አፉ በይኝ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በማግስቱ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ መስመሩም ከነስሜ ተመለሰ። ማስጠንቀቂያው ከፋይሌ አልወጣም። ይኑር። ከተሰጡኝ ወረቀቶች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀሩኝን ዓመታት በማዳመጥ ፈጀኋቸው። ምስል የሆኑትን የኮምፒዩተር ክፍሉ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ማሽኑ «ሰ»ን «ለ» ብሎ ያነበበውን እኛ እናርማለን። ተዋበች ተመርቃ እዚያው በቅጥር ገባች፤ «ተደምጧል» ከሚለው ሥር አሁን የእሷ ስም ከእኔ ይበዛል። ያልተደመጠው ግን ዛሬም ብዙ ነው። ስወጣ ዝርዝሩን ገጽ በገጽ አስረክቤአለሁ። «ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?» ሲሉኝ፣ «ደመወዝ የሚበላ ሰው» አልኳቸው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰዎች አርፈሽ ተቀመጪ ይሉኛል። ልጄ ደሴ መጥተሽ ኑሪ ትለኛለች። ባለፈው ሐሙስ የአንባቢ መታወቂያ ላወጣ ወደዚያው ቤት ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተተካችው ትሑት ልጅ ናት፤ ተነሥታ ሳመችኝ። መታወቂያዬን ይዤ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ በዚህ ወር የገቡትን መጻሕፍት በተራ ከፈትኩ። ሦስተኛው ስለ ማር ምርት ነው። «ተደምጧል» ይላል። እስከ ሠላሳኛው ገጽ ሄድኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ዝም አለ።

ጠራኋት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አምስት ገጽ ሰምቼ ደህና መስሎኝ…» አለች፣ ፊቷ ቀላ።

«ስምሽ አለበት።»

«አስተካክለዋለሁ። ነገ። እርስዎ ግን ጡረታ ወጥተዋል፣ ለምን ይደክማሉ?»

«ሠራተኛዋ ናት የወጣችው» አልኳት። «አንባቢዋ ዛሬ ነው የገባችው። ወንበር ሳቢ።»

ቆመች፤ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሰዓቱ አየች። ከዚያ ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ማዳመጫ ሰጠኋት፤ ከአንደኛው ገጽ ጀመርን።